የማጥቃት አስተባባሪው ሲሄድ ምን ይቀራል? ከአሜሪካ ፉትቦል የተወሰደ የዕውቀት መተላለፍ ጥናት

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ ቡድን የማጥቃት ዕቅዱን የሚያወጣለትን ሰው ሲያጣ፣ ከሰውየው ጋር አብሮ የሚሄደው ምንድን ነው? በቡድኑ ውስጥ የሚቀረውስ? ጥያቄውን የምመረምረው በአሜሪካ ፉትቦል፣ በተለይም ኤን.ኤፍ.ኤል. በሚባለው ሊግ ውስጥ ነው። ስፖርቱ ለብዙዎቻችሁ ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ተቋማትን ለምናጠና ሰዎች እምብዛም የማይገኝ ዕድል ይሰጠናል። በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ አንድ አዋቂ ሰው ሲለቅ የደረሰው ጉዳት ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ሊግ ግን ማን እንደሄደ፣ ማን እንደተተካና ከዚያ በኋላ ምን እንደተገኘ በየሳምንቱ በአደባባይ ይቆጠራል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አስቀድሜ ልስጥ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው፤ «የ2004 የውድድር ዘመን» ስል በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር ተጀምሮ በተከታዩ ዓመት መግቢያ የተፈጸመውን ማለቴ ነው። የነጥብ ድምሮቹም የመደበኛውን የውድድር ዘመን ብቻ የሚመለከቱ ናቸው፤ የጥሎ ማለፉን አይጨምሩም።

አስተባባሪው የሚሠራው ሥራ

የሥራውን ባሕርይ ሳናውቅ የጉዳቱን መጠን ልንመዝን አንችልም። በአሜሪካ ፉትቦል እያንዳንዱ ቡድን ለማጥቃትና ለመከላከል የተለያዩ ተጫዋቾች አሉት። ኳሱን የያዘው ቡድን ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት ለማራመድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ከተሳካለት ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ጨዋታው ይቆማል። ስፖርቱን እኛ ከለመድነው እግር ኳስ የሚለየው ይህ መቆም ነው፤ በቆመ ቁጥር አሥራ አንዱም ተጫዋቾች አዲስ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ማን ወዴት እንደሚሮጥ፣ ማን ማንን እንደሚጋርድ፣ ኳሱ ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ የተወሰነበትን ይህን ትእዛዝ በዛሬው ንግግሬ «ቅንብር» እለዋለሁ።

ቅንብሩን የሚመርጠው በአብዛኞቹ ቡድኖች የማጥቃት አስተባባሪው ነው። በሙከራና በሙከራ መካከል ሰዓቱ 40 ሰከንድ ይቆጥራል። ከ1994 ጀምሮ አሠልጣኙ ኳርተርባክ የሚባለውን የጨዋታ መሪ በራስ ቁሩ ውስጥ በተተከለ ሬዲዮ ያናግረዋል፤ ሬዲዮው ግን 15 ሰከንድ ሲቀር ይዘጋል። እንግዲህ አስተባባሪው ያለፈውን ሙከራ ውጤት አይቶ፣ የተጋጣሚውን አሰላለፍ ገምቶ፣ ከተዘጋጁት በርካታ ቅንብሮች አንዱን መርጦ ለኳርተርባኩ የሚያደርሰው 25 ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ኳርተርባኩ ደግሞ የሰማውን ለአሥሩ ጓደኞቹ መልሶ ይናገራል፤ ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ ተጋጣሚው አሰላለፉን ከቀየረ የሚታረመው በእርሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ አስተባባሪው ሦስት የተለያዩ ተግባራት አሉት። አንደኛው ቅንብሮችን መንደፍ ነው። ይህ በወረቀት ላይ የሚሰፍር ነው፤ ሰውየው ሲሄድ የቅንብሮቹ መድብል በቡድኑ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው በጨዋታው ሰዓት መምረጥ ነው። ይህ በከፊል ብቻ ይጻፋል፤ ቀሪው ከብዙ ዓመት ልምድ የተገኘ ፍርድ ነው። ሦስተኛው ማስተማር ነው፤ ንድፉን ለኳርተርባኩ፣ ለፊት መስመር ተጫዋቾችና ለኳስ ተቀባዮች በየራሳቸው ቋንቋ መተርጎም። ይህን ሦስተኛውን ተግባር አስተባባሪው ብቻውን አይፈጽመውም፤ ከእርሱ በታች ያሉት የኳርተርባክ፣ የፊት መስመርና የተቀባዮች አሠልጣኞች ይካፈሉታል።

ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያስተዋወቀው «ያልተነገረ ዕውቀት» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሰው ከሚናገረውና ከሚጽፈው በላይ ያውቃል፤ ያ ትርፍ ዕውቀት የሚተላለፈው አብሮ በመሥራት ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ቀድሞ የገባው ተማሪ ለኋለኛው ያስቀጽላል፤ መምህሩ ያስተማረው በመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን በተማሪዎቹ ሰንሰለት ውስጥም ይኖራል። የዛሬው ክርክሬ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አንድ ቡድን የማጥቃት አስተባባሪውን ማጣት ይችላል። የማይችለው ከአስተባባሪው ጋር ሰንሰለቱን ማጣት ነው።

ለምን ይሄዳሉ?

የማጥቃት አስተባባሪ ማጣት በዚህ ሊግ እንደ ድንገተኛ አደጋ ሊታይ አይገባም፤ የስኬት ዋጋ ነው። ብዙ ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን አስተባባሪ በውድድር ዘመኑ ፍጻሜ ላይ በሌሎች ክለቦች ለዋና አሠልጣኝነት ይፈለጋል። በሊጉ ደንብ መሠረት ክለቡ ረዳቱን ለዋና አሠልጣኝነት እንዳይወዳደር ሊከለክለው አይችልም። የሚሄደው ሰው ደግሞ አዲሱን ቤቱን ሲያደራጅ አብረውት የሠሩትን ሰዎች ማስከተል ይፈልጋል፤ ቋንቋውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። እንግዲህ የአንድ ሰው መልቀቅ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ይህን ነጥብ እንድትይዙልኝ አደራ እላለሁ።

ኒው ኢንግላንድ፦ የተሳኩት ሽግግሮች

ዋናው ማስረጃዬ የኒው ኢንግላንድ ፔትሪየትስ ነው። ምክንያቱም ይህ ቡድን በአንድ ዋና አሠልጣኝ፣ በቢል ቤሊቺክ፣ ዘመን የማጥቃት መሪውን ደጋግሞ አጥቷል። ዋናው አሠልጣኝ አንድ ሆኖ ሌላው ሲለዋወጥ ማነጻጸር ይቀልላል።

የመጀመሪያው ቻርሊ ዋይስ ነው። ዋይስ በ2004 የውድድር ዘመን መጨረሻ ለኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝነት ተመርጦ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2005 ቡድኑ ፊላደልፊያን 24 ለ 21 አሸንፎ የሱፐር ቦውል ዋንጫ ካነሣ በኋላ ሄደ። ቤሊቺክ የወሰደው ውሳኔ ያልተለመደ ነበር፤ ለ2005 የማጥቃት አስተባባሪ የሚል ማዕረግ ለማንም አልሰጠም። ቅንብሮቹን የመጥራቱ ሥራ ግን ገና 30 ዓመት ላልሞላው የኳርተርባኮች አሠልጣኝ፣ ለጆሽ ማክዳንኤልስ፣ ተላለፈ። ማክዳንኤልስ ወደ ቡድኑ የገባው በ2001 በዝቅተኛ የሥራ መደብ ነበር፤ በ2004 ከዋይስ ሥር ኳርተርባኮቹን ያሠለጥን ነበር። ማዕረጉን ያገኘው በ2006 ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ2004 ቡድኑ 437 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር፤ በ2005 ወደ 379 ወረደ፣ በ2006 ደግሞ 385 ሆነ። ጉዳት ደርሷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ቡድኑ አልፈረሰም፤ በ2005 ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ በ4,110 ያርድ የሊጉ ቀዳሚ ነበር። በ2007 ደግሞ ራንዲ ሞስና ዌስ ዌልከር በተቀባይነት ሲጨመሩ፣ በማክዳንኤልስ መሪነት ቡድኑ 589 ነጥብ አስቆጥሮ አሥራ ስድስቱንም የመደበኛ ዘመን ጨዋታዎች አሸነፈ። 589 በወቅቱ የሊጉ ክብረ ወሰን ነበር።

በጃንዋሪ 2009 ማክዳንኤልስ በተራው የዴንቨር ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሄደ። ቤሊቺክ ያንኑ መንገድ ደገመው። ማዕረጉን ባዶ ትቶ ጥሪውን ለቢል ኦብራየን ሰጠ። ኦብራየን በ2007 በረዳትነት ገብቶ፣ በ2008 የተቀባዮች፣ በ2009 የኳርተርባኮች አሠልጣኝ የሆነ ሰው ነበር፤ የአስተባባሪነት ማዕረጉን ያገኘው በ2011 ነው። በ2010 ቡድኑ 518 ነጥብ በማስቆጠር ከሊጉ አንደኛ ወጣ። ኦብራየን ወደ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ በ2012 ማክዳንኤልስ ተመለሰ፤ ቡድኑም 557 ነጥብ አስቆጥሮ እንደገና አንደኛ ሆነ።

እነዚህን ሽግግሮች የሚያያይዛቸው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ተተኪው በሄደው ሰው ሥር የተማረ ነበር። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከእርሱ በታች ያሉት አሠልጣኞች በቦታቸው ነበሩ፤ የፊት መስመሩን የሚያሠለጥነው ዳንቴ ስካርኔኪያ በክለቡ ለአሥርት ዓመታት የሠራ ሰው ነበር። በሦስተኛ ደረጃ፣ ቋንቋው በሜዳው መካከል በብሬዲ ራስ ውስጥ ነበረ።

ስለ ቋንቋው ጥቂት ልጨምር። ቡድኑ የሚጠቀምበት ሥርዓት በ1970ዎቹ በዚያው ክለብ ረዳት አሠልጣኞች በነበሩት በሮን ኤርሃርትና በሬይ ፐርኪንስ ስም ይጠራል። በብዙ ሌሎች ሥርዓቶች የአንድ ቅንብር ስም ረጅም ነው፤ የእያንዳንዱን ተቀባይ መንገድ በየተራ ይዘረዝራል። በኤርሃርትና ፐርኪንስ ሥርዓት ግን አንዲት ቃል የበርካታ ተጫዋቾችን መንገድ በአንድነት ትገልጻለች፤ አሰላለፉ ቢለዋወጥም ሐሳቡ ያው ነው። እንዲህ ያለ አጭር ቋንቋ ብዙውን ነገር የሚተወው ለሰሚው ነው። ኃይሉም ድካሙም ከዚህ ይመነጫል፤ የሚናገሩት ሰዎች እስካሉ ድረስ ፈጣንና ሰፊ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ሲበተኑ ግን ከወረቀት ላይ መልሶ ማንሣት ያስቸግራል።

2022፦ ያው መፍትሔ፣ ሌላ ውጤት

በ2021 የውድድር ዘመን ቡድኑ አዲስ ኳርተርባክ ነበረው። ብሬዲ በ2020 ወደ ታምፓ ቤይ ሄዷል፤ ስካርኔኪያም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ጡረታ ወጥቷል። አዲሱ ማክ ጆንስ በመጀመሪያ ዓመቱ 3,801 ያርድ ወርውሮ 22 ታችዳውን አስገኘ፤ 13 ኳሶች ተጠለፉበት። ቡድኑ 462 ነጥብ አስቆጥሮ 10 ጨዋታ አሸነፈ፣ በ7 ተሸነፈ፤ ወደ ጥሎ ማለፍም ገባ። ማክዳንኤልስ ለወጣቱ የሚመጥን ሥርዓት እንዳበጀለት በሰፊው ይነገር ነበር።

በጃንዋሪ 2022 ማክዳንኤልስ የላስ ቬጋስ ሬይደርስ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። በዚህ ጊዜ ግን ብቻውን አልሄደም። የተቀባዮቹ አሠልጣኝ ሚክ ሎምባርዲ፣ የፊት መስመሩ አሠልጣኝ ካርመን ብሪሲሎና ረዳቱ ቦ ሃርደግሪ ተከተሉት። የኳስ ተሸካሚዎቹ የረጅም ዘመን አሠልጣኝ አይቫን ፊርስም በዚሁ ዓመት ሥራውን አቆመ። ቡድኑ መሪውን ብቻ ሳይሆን ከመሪው በታች ያለውን እርከን ከሞላ ጎደል በአንድ ክረምት አጣ።

ቤሊቺክ ከ2005ና ከ2009 የሚመስል ውሳኔ ወሰነ። የአስተባባሪነቱን ማዕረግ ባዶ ተወው። ሥራውን ለማት ፓትሪሺያና ለጆ ጀጅ አካፈለ፤ ቅንብሮቹን የሚጠራው ፓትሪሺያ ሆነ። ሁለቱም ልምድ የሌላቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ሁለቱም በሌሎች ክለቦች ዋና አሠልጣኝ ሆነው ነበር። ነገር ግን ፓትሪሺያ ለረጅም ዓመታት የሠራውና የታወቀው በመከላከል ነው፤ በማጥቃት በኩል የነበረው ልምድ በ2004ና በ2005 የነበሩት የጀማሪነት ዓመታቱ ናቸው። ጀጅ ደግሞ በቡድኑ ውስጥ በዋናነት የታወቀው ኳስ በእግር በሚመታባቸው ልዩ ሙከራዎች አሠልጣኝነቱ ነበር። በዚሁ ጊዜ የማጥቃቱን ሥርዓትና ስያሜዎቹን የማቅለል ሥራ ተጀመረ።

በ2022 ቡድኑ 364 ነጥብ አስቆጠረ፤ ካለፈው ዓመት በ98 ያነሰ። ከዚህም ውስጥ የመከላከል ክፍሉ ኳስ እየጠለፈ ያስገኘው በርካታ ነጥብ ስላለ፣ የማጥቃት ክፍሉ ብቻውን ያመጣው ከዚህ ያንሳል። ጆንስ በቁርጭምጭሚት ጉዳት ሦስት ጨዋታ አምልጦት 2,997 ያርድና 14 ታችዳውን አስመዘገበ። ቡድኑ 8 አሸንፎ በ9 ተሸነፈ፤ ጥሎ ማለፍም አልገባም።

በ2023 መድኃኒት ተብሎ የታሰበው ቀድሞ የተሳካለትን ሰው መመለስ ነበር። ቢል ኦብራየን በአስተባባሪነት ማዕረግ ተመለሰ። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ ይህ አያጠራጥርም። ሆኖም ቡድኑ በዚያ ዓመት 236 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ፤ 4 አሸንፎ በ13 ተሸነፈ፤ ጆንስ ቦታውን አጣ። በጃንዋሪ 2024 ቤሊቺክ ከ24 የውድድር ዘመናት በኋላ ከክለቡ ተለያየ። ለውድቀቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ የተጫዋቾች ምርጫ አንዱ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል። ኦብራየን በ2009 ሲጀምር በዙሪያው ቋንቋውን የሚናገር ቤት ነበረ። በ2023 ሲመለስ ያ ቤት አልነበረም። አንድን አዋቂ መልሶ መጥራት ሰንሰለቱን መልሶ መጥራት አይደለም።

አትላንታ፦ ማስረጃውም ጥንቃቄውም

ይህ የአንድ ክለብ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ አትላንታ ፋልከንስ ልሻገር። በ2016 አትላንታ በካይል ሻናሃን አስተባባሪነት 540 ነጥብ አስቆጥሮ ከሊጉ አንደኛ ነበር፤ ኳርተርባኩ ማት ራያን የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ቡድኑ በሱፐር ቦውል ኒው ኢንግላንድን 28 ለ 3 ሲመራ ቆይቶ 34 ለ 28 ተሸነፈ። ሻናሃን ወዲያው የሳን ፍራንሲስኮ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ተተኪው ስቲቭ ሳርኪሲያን ነበር፤ ነባሩን ሥርዓት በመሠረቱ እንዲያስቀጥል ነበር የተፈለገው። ራያን አለ፤ ኮከቡ ተቀባይ ጁሊዮ ጆንስ አለ፤ መድብሉም አለ። በ2017 የተገኘው ግን 353 ነጥብ ነው።

እዚህም ከሻናሃን ጋር የሄዱትን ተመልከቱ። የኳርተርባኮቹ አሠልጣኝ ማት ላፍለር የሎስ አንጀለስ ራምስ የማጥቃት አስተባባሪ ሆነ። ረዳቱ ማይክ ማክዳንኤል ሻናሃንን ተከትሎ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ሁለቱም በኋላ ዋና አሠልጣኞች ሆነዋል፤ ላፍለር በግሪን ቤይ፣ ማክዳንኤል በማያሚ። አትላንታ ያጣችው አንድ አስተባባሪ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ወቅት ሦስት የወደፊት ዋና አሠልጣኞችን አጣች። ሥርዓቱን ጠብቃ ተሸካሚዎቹን ለቀቀች።

አሁን ግን ተማሪዎቼ ዘወትር የሚዘነጉትን ጥንቃቄ ላንሣ። ከ540 ወደ 353 መውረዱን በሙሉ ለሻናሃን መሄድ መስጠት ስሕተት ነው። አስተባባሪዎች የሚፈለጉት ከምርጥ ዓመታቸው በኋላ ነው። እጅግ የተሳካ ዓመት ደግሞ ከችሎታ በተጨማሪ ዕድል የተቀላቀለበት ነው፤ ተጫዋቾች አልተጎዱም፣ የወደቁ ኳሶች ወደ ራስ ወገን ተንከባለሉ። ስለዚህ አስተባባሪው ባይሄድ እንኳ በተከታዩ ዓመት ውጤቱ ወደ አማካይ የመመለስ ዝንባሌ ይኖረዋል። ሰውየው የሄደበትና ውጤቱ የሚወርድበት ጊዜ መግጠሙ ብቻውን ምክንያትነትን አያረጋግጥም። የአትላንታም ማሽቆልቆል በድል ብዛት ሲታይ መጠነኛ ነው፤ ከ11 ድል ወደ 10 ነው የወረደው፤ በጥሎ ማለፉም አንድ ጨዋታ አሸንፏል። ስለዚህ የነጥቡን መቀነስ ብቻ ሳይሆን የመቀነሱን ዓይነትና ከእርሱ ጋር ማን እንደሄደ አብረን መመርመር ይገባናል።

ሁለት ሌሎች አደረጃጀቶች

ክርክሬ ትክክል ከሆነ፣ ሰንሰለቱ በተጠበቀበት ቦታ ሽግግሩ መስመር ሊይዝ ይገባዋል። ሁለት ምሳሌዎችን እንይ።

ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ በ1980ዎቹ በቢል ዋልሽ የተሠራ የማጥቃት ሥርዓት ነበረው። ዋልሽ በ1989 መጀመሪያ ሲለቅ ቦታውን የያዘው የመከላከል ክፍሉ ኃላፊ ጆርጅ ሲፈርት ነው፤ የማጥቃት አስተባባሪውም ከውስጥ ያደገው ማይክ ሆምግረን ሆነ። ሆምግረን በ1992 የግሪን ቤይ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሲሄድ ሰው አስከትሎ ነበር፤ ሸርማን ሉዊስ አብሮት ሄዶ አስተባባሪው ሆኗል። ሳን ፍራንሲስኮ ከውጭ ማይክ ሻናሃንን አስመጣ፤ ቀደም ሲል ያነሣሁት የካይል አባት ነው። በዚያው ዓመት ቡድኑ 14 አሸንፎ በ2 ብቻ ተሸነፈ፤ ኳርተርባኩ ስቲቭ ያንግ የዓመቱ ኮከብ ሆነ። በጃንዋሪ 1995 ሳን ዲዬጎን 49 ለ 26 አሸንፎ ሱፐር ቦውልን ወሰደ።

እንግዳ ሰው መጥቶ እንዴት ተሳካ? ቦብ ማኪትሪክ የፊት መስመሩን ከ1979 ጀምሮ ያሠለጥን ነበር፤ አልሄደም። ያንግ ሥርዓቱን ከ1987 ጀምሮ ተምሮታል። ከሁሉ በላይ፣ የቤቱን ቋንቋ የተማረው እንግዳው ነው። አንድ ሰው አዲስ ቋንቋ ሲማር ይደክማል፤ ሃምሳ ሰው ለአንድ ሰው ሲል ቋንቋውን ሲለውጥ ግን የሚደክመው ተቋሙ ነው። ሻናሃን በ1995 የዴንቨር ዋና አሠልጣኝ ሲሆን የተማረውን ይዞ ሄደ፤ በዚያም ሁለት የሱፐር ቦውል ዋንጫ አነሣ።

ሁለተኛው አደረጃጀት የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ነው። እዚያ የማጥቃት ሥርዓቱ ባለቤት ዋና አሠልጣኙ አንዲ ሪድ ነው፤ አስተባባሪው ከእርሱ ጋር ይሠራል እንጂ በብቸኝነት አይመራም። ዳግ ፒደርሰን በ2016 ወደ ፊላደልፊያ፣ ማት ናጊ በ2018 ወደ ቺካጎ ሄዱ፤ ኤሪክ ቢየነሚ በ2023 ወደ ዋሽንግተን ተዛወረ። ናጊ በሄደበት ዓመት ቡድኑ 565 ነጥብ አስቆጠረ፤ በ2017 ያስቆጠረው 415 ነበር። ጭማሪው በአብዛኛው ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ በዚያ ዓመት ቋሚ ተሰላፊ ከመሆኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቢያንስ ግን የአስተባባሪው መሄድ እንቅፋት አልሆነበትም። ቢየነሚ በሄደበት ዓመትም ቡድኑ ሱፐር ቦውልን አሸንፏል።

ይህ አደረጃጀት ከሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕዳውን አላጠፋም፣ አዘገየው እንጂ። ዕውቀቱ በዋና አሠልጣኙ ዘንድ ሲከማች የረዳቶች መሄድ ይቀልላል፤ የእርሱ የራሱ መሄድ ግን በዚያው መጠን ይከብዳል።

ምን እንማራለን?

ከእነዚህ ታሪኮች አራት ድምዳሜዎች አወጣለሁ።

አንደኛ፣ መተካት የሚጀመረው ሰውየው ከመሄዱ በፊት ነው። ማክዳንኤልስ በ2004፣ ኦብራየን በ2007ና በ2008 ሥራውን ከባለቤቱ ጎን ሆነው ያዩት ነበር። የመልቀቂያው ወሬ ከተሰማ በኋላ የሚደረግ ርክክብ መድብል ያስረክባል፤ ፍርድን አያስረክብም።

ሁለተኛ፣ ትኩረታችን ሁልጊዜ በከፍተኛው ወንበር ላይ ነው፤ ሊጠበቅ የሚገባው ግን ከወንበሩ በታች ያለው እርከን ነው። ስካርኔኪያና ማኪትሪክ አስተባባሪ አልነበሩም። መሪዎች በተለዋወጡ ቁጥር ሥርዓቱ ሳይፈርስ የቆየው እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ሦስተኛ፣ መልክ መድገም ውጤት መድገም አይደለም። በ2005ና በ2022 በኒው ኢንግላንድ የተወሰደው ውሳኔ በወረቀት ላይ ተመሳሳይ ነው፤ ማዕረጉ ባዶ ይሁን፣ ሥራውን ከውስጥ ያለ ሰው ይያዝ። በ2005 ግን ባዶ የነበረው ማዕረጉ ብቻ ነው፤ ዕውቀቱ ሙሉ ነበር። በ2022 ሁለቱም ባዶ ነበሩ። አንድ ተቋም ትናንት የተሳካለትን መፍትሔ ሲደግም፣ መፍትሔው እንዲሠራ ያደረጉት ሁኔታዎች ዛሬም መኖራቸውን መጠየቅ አለበት።

አራተኛ፣ ፍርድ ለመስጠት አንቸኩል። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ወደ አማካይ መመለስንም ጉዳትንም ዕድልንም ቀላቅሎ የያዘ ነው። የ2005ና የ2006ን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ማክዳንኤልስን ያሰናብተው ነበር፤ የ2007ን ባላየ።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ሰው ብቻ የሚያስተምራቸው ኮርሶች፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያንቀሳቅሳቸው የቤተ ሙከራ መሣሪያዎች፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቃቸው የጥናት መረጃዎች አሉ። ያ ሰው ለትምህርት፣ ለተሻለ ደመወዝ ወይም በጡረታ ሲለቅ በፋይል የተደራጀ ርክክብ ይደረጋል፤ ፊርማም ይፈረማል። ከዚያ በኋላ ነጥብ የሚቆጥር የለም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ኮርሱ በስም ብቻ ሲቀር ነው። እኛ እንደ ሊጉ ክለቦች ሰውን ከዕድገቱ ልንከለክለው አንችልም፤ ልንከለክለውም አይገባም። የምንችለው ሰውየው ዛሬ በመካከላችን እያለ ከጎኑ ሁለተኛ ሰው ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ በየትምህርት ክፍላችሁ «ማን ሊሄድ ይችላል?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ መልሱ «ማንም» ነው። «እርሱ ቢሄድ ቋንቋውን የሚናገር ሌላ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአንድም ሰው ስም ካልመጣላችሁ ሥራው ዛሬ መጀመር አለበት።

 አሁን መድረኩን ለጥያቄና ለውይይት እተዋለሁ።